«ፕረፈረንስ» ሁሉ አንድ አይደለም፤ ስለ ቢጂፒ የመንገድ ምርጫ ለወጣው ጽሑፍ ማስተካከያ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ከሁለት አቅራቢዎች የኢንተርኔት መስመር የሚገዛ ድርጅት በቢጂፒ (ኔትወርኮች መንገዶቻቸውን እርስ በርስ የሚያሳውቁበት ፕሮቶኮል) አማካይነት አንዱን ዋና፣ ሌላውን መጠባበቂያ ስለሚያደርግበት ዘዴ በቴክኖሎጂ ዓምዳችሁ የወጣውን ጽሑፍ አነበብኩት። ርእሱ በአማርኛ ብዙም የማይነካ በመሆኑ ደስ ብሎኛል፤ አብዛኛው ማብራሪያም ትክክል ነው። አንድ ዐረፍተ ነገር ግን ዝም ብዬ ላልፈው አልቻልኩም። «ዋናው መስመር እንዲመረጥ ፕረፈረንሱን 200 ማድረግ በቂ ነው» ይላል።

የትኛውን ፕረፈረንስ? የራውተር አምራቾቹ ሲስኮ፣ ጁኒፐርና ሁዋዌ ቃሉን በአንድ ትርጉም አይጠቀሙበትም። ሲስኮ ራውተር ላይ ሎካል ፕረፈረንስን (ቢጂፒ ወደ አንድ መድረሻ ከሚወስዱ መንገዶች ባለ ትልቁን ቁጥር የሚመርጥበትን መለኪያ) 200 ያደረገ ሰው የፈለገውን ያገኛል። ጁኒፐር ላይ በዋናው ጎረቤት (ማለትም በዋናው አቅራቢ ራውተር) ሥር «ፕረፈረንስ 200» ብሎ የጻፈ ግን ዋናውን መጠባበቂያ፣ መጠባበቂያውን ዋና አድርጎ ቁጭ ይላል። እዚያ ይህ ቃል ትንሹ ቁጥር የሚያሸንፍበት ሌላ መለኪያ ነው፤ ለቢጂፒ የተሰጠው መነሻ ዋጋም 170 ነው። ሁዋዌ ላይ ደግሞ በቢጂፒ ሥር የፕረፈረንሱን ሦስት ዋጋዎች በሙሉ 200 ቢያደርጓቸው በሁለቱ መስመሮች መካከል አንዳች አይለወጥም፤ ትእዛዙ የሚመለከተው ቢጂፒ ከሌሎች ፕሮቶኮሎች ጋር ሲወዳደር ያለውን ደረጃ ነውና። ቃሉ አንድ፣ ቁጥሩ አንድ፣ ውጤቱ ሦስት።

ይህን ውዥንብር ለማጥራት ማንኛውንም የቅድሚያ ቁጥር ከመጻፍ በፊት አንድ ነገር መጠየቅ ይረዳል፦ ይህ ቁጥር እስከ የት ይጓዛል? ሲስኮ አድሚኒስትሬቲቭ ዲስታንስ፣ ጁኒፐርና ሁዋዌ ፕረፈረንስ የሚሉት፣ ፕሮቶኮሎችን የሚያወዳድረው ደረጃ፣ ከራውተሩ አይወጣም፤ በየትኛውም የቢጂፒ መልእክት ውስጥ አይጻፍም። ራውተሩ ለራሱ ብቻ ለመንገዶች የሚሰጣቸው ክብደቶች፣ የሲስኮው ዌይት እና የሁዋዌው ፕረፈርድ ቫሊዩም፣ እንደዚያው ናቸው። ሎካል ፕረፈረንስ በአይቢጂፒ (በአንድ ድርጅት ራውተሮች መካከል በሚሠራው ቢጂፒ) ተጭኖ በድርጅቱ ውስጥ ላሉ ራውተሮች ሁሉ ይደርስና የኤኤሱ (በአንድ አስተዳደር ሥር ያለው፣ የራሱ ቁጥር ያለው ኔትወርክ) ድንበር ላይ ይቀራል። ሜድ (ከአንድ በላይ መስመር ሲኖር በየትኛው ይግባ የሚል ለጎረቤት የሚላክ ጥቆማ) አንድ አጥር ብቻ ይሻገራል፤ ከጎረቤቱ ኤኤስ አያልፍም። ኤኤስ ፓዝ (መንገዱ ያለፈባቸው ኤኤሶች ዝርዝር) መንገዱ የደረሰበት ሁሉ ይደርሳል። ኮሚዩኒቲ (መንገድ ላይ የሚለጠፍ ምልክት) ደግሞ ተቀባዩ እስከፈቀደለት ድረስ ይሄዳል። ትራፊክ በየት እንደሚወጣ የሚወስነው የራስ ቁጥር ነው፤ በየት እንደሚገባ የሚወስነው ግን የሰው ቁጥር ነው። ጽሑፉ ላይ የጎደለው ዋናው ነገርም ይኸው ነው።

ከእነዚህ ሁሉ በላይ ግን ቁጥር የማይበግረው ደንብ አለ። ራውተር ፓኬት ሲያስተላልፍ የሚከተለው ከመድረሻ አድራሻው ጋር በብዙ ቢት የሚገጥመውን ፕሪፊክስ (የአድራሻዎች ክልል፤ ከ«/» በኋላ ያለው ቁጥር ርዝመቱ ነው) ነው። ሎካል ፕረፈረንስ የሚያወዳድረው ወደ አንድ ፕሪፊክስ የሚወስዱ መንገዶችን ብቻ ነው። 198.18.0.0/22 በዋናው መስመር በ200፣ 198.18.2.0/23 በመጠባበቂያው በ100 ቢመጡ፣ ወደ 198.18.3.9 የሚሄደው ፓኬት በመጠባበቂያው ይወጣል፤ 200ውን ዞሮ የሚያየው የለም።

በሥራ ላይ ይህ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው ከዋናው አቅራቢ ዲፎልት ሩት (ሌላ መንገድ ላልተገኘለት ሁሉ የሚያገለግለው 0.0.0.0/0) ብቻ፣ ከመጠባበቂያው ደግሞ ሙሉው ሰንጠረዥ ሲወሰድ ነው። ሙሉው የአይፒ ቨርዥን 4 ሰንጠረዥ ዛሬ አንድ ሚሊዮን ገደማ ፕሪፊክስ ነው፤ እያንዳንዱም ከ0.0.0.0/0 የረዘመ ነው። ስለዚህ ለዲፎልት ሩቱ 200 ቢሰጡት፣ 1000ም ቢሰጡት፣ የሚወጣው ትራፊክ ሁሉ ማለት ይቻላል በመጠባበቂያው ይፈሳል። ቁጥሩን ማሳደግ ፋይዳ የለውም። ከሁለቱም አቅራቢ አንድ ዓይነት ነገር መውሰድ ነው፦ ወይ ዲፎልት ከሁለቱም፣ ወይ ሙሉ ሰንጠረዥ ከሁለቱም።

የዚህን ደንብ ጉልበት እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 24 ቀን 2008 ዓለም አይቶታል። ዩቲዩብ ያውጅ (በእኔ በኩል ይደረሳል ብሎ በቢጂፒ ያሳውቅ) የነበረው 208.65.152.0/22ን ነበር። ፓኪስታን ቴሌኮም ገጹን በአገር ውስጥ ለማገድ 208.65.153.0/24ን አወጀ፤ አዋጁም በ18:47 ዩቲሲ በአቅራቢው በኩል ወደ ውጭ አመለጠና የዩቲዩብ ትራፊክ ወደዚያው ነጎደ። ዩቲዩብ በ20:07 ያንኑ /24 ራሱ ሲያውጅ ፕሪፊክሶቹ እኩል ሆኑ። የኤኤስ ፓዝ ርዝመትና የየኔትወርኩ ምርጫ መናገር የጀመሩት ገና ያኔ ነው፤ ከፊሉ ትራፊክ ተመለሰ፣ ከፊሉ እዚያው ቀረ። ከ11 ደቂቃ በኋላ ዩቲዩብ ሁለት /25 ጨመረ፤ እነሱን የተቀበሉ ኔትወርኮችም ወዲያውኑ ተመለሱ። ፓኪስታን ቴሌኮም ያወጀው መንገድ በአቅራቢው የተቆረጠው በ21:01 ነበር።

ወደ ዲስታንስ ስንመጣ፣ እሱ የሚጠየቀው አንዱ ፕሪፊክስ በሁለት ፕሮቶኮሎች ሲገኝ ነው፤ በኦኤስፒኤፍም (በድርጅት ውስጥ በሚሠራው የመንገድ ፕሮቶኮል) በቢጂፒም እንበል። ትንሹ ያሸንፋል። ሲስኮ ከውጭ ጎረቤት ለተሰማ የቢጂፒ መንገድ 20፣ ከውስጥ ለተሰማው 200፣ ለኦኤስፒኤፍ 110፣ ለስታቲክ (በእጅ ለተጻፈ መንገድ) 1 ይሰጣል። ጁኒፐር ለውስጡም ለውጩም ቢጂፒ 170 ነው፤ ለኦኤስፒኤፍ ውስጣዊ መንገድ 10፣ ለውጫዊው 150፣ ለስታቲክ 5 ይሰጣል። ሁዋዌ ጋ ቢጂፒ 255፣ ኦኤስፒኤፍ 10፣ ውጫዊው ኦኤስፒኤፍ 150፣ ስታቲክ 60 ነው። እንግዲህ ሲስኮ ከውጭ የሰማውን ቢጂፒ ከኦኤስፒኤፍ ያስቀድማል፣ ሌሎቹ ሁለቱ ያስከትላሉ ማለት ነው። ሲስኮና ሁዋዌ በአንድ ኔትወርክ ጠርዝ ላይ ጎን ለጎን ቆመው፣ ሁለቱም በኦኤስፒኤፍና በቢጂፒ መካከል መንገድ እንዲያስተላልፉ ከተደረገ፣ አንዱ ወደ ውጭ ሌላው ወደ ውስጥ ይጠቁማል። ፓኬቱ በመካከላቸው ቲቲኤሉ (ስንት ራውተር ማለፍ እንደሚችል የሚገድበው ቆጣሪ) እስኪያልቅ ሲመላለስ ሊኖር ይችላል። ሁለት ዓይነት መሣሪያ ያለው ሰው ቁጥሮቹን በሁለቱም ላይ በእጁ አንድ ዓይነት ትርጉም እንዲኖራቸው አድርጎ ቢጽፋቸው ይሻለዋል።

255 የሚለው ቁጥር ብቻውን ወጥመድ ነው። ሁዋዌ ላይ የቢጂፒ መነሻ ዋጋ ሆኖ በሰላም ይሠራል። ሲስኮ ላይ ግን «ይህን መንገድ አትጠቀም» ማለት ነው። ኮንፊግሬሽን ከአንዱ ወደ ሌላው የገለበጠ ሰው መንገዱ በቢጂፒ ሰንጠረዥ ውስጥ እያለ ሩቲንግ ቴብሉ (ራውተሩ ፓኬት የሚያስተላልፍበት ሰንጠረዥ) ውስጥ የለም፤ ሴሽኑ (ከጎረቤቱ ጋር ያለው የቢጂፒ ግንኙነት) ደግሞ ጤነኛ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ጎረቤቱን ሲጠራጠር ይውላል።

ሲስኮ ላይ 20 እና 110 የሚያመጡት ሌላም ጣጣ አለ። በሁለት ቅርንጫፎች መካከል ኦኤስፒኤፍ የሚሄድበት የግል መስመር ቢኖርና ያው ፕሪፊክስ በኢቢጂፒም (ከሌላ ኤኤስ ጋር በሚሠራው ቢጂፒ) ቢሰማ፣ የቅርንጫፉ ትራፊክ የግሉን መስመር ትቶ በውጭ ይዞራል። ለዚህ ዲስታንስን በጅምላ መቀየር አያስፈልግም። በቢጂፒ ሥር ፕሪፊክሱን በ«ኔትወርክ» ትእዛዝ ጽፎ መጨረሻው ላይ «ባክዶር» ማለት ይበቃል፤ ለዚያ ፕሪፊክስ ብቻ ዲስታንሱ 200 ይሆናል።

አሁን ጸሐፊው ሊሉት ወደፈለጉት ወደ ሎካል ፕረፈረንስ ልምጣ። ባለ 32 ቢት ቁጥር ነው፣ ካልተነካ እንደ 100 ይቆጠራል፣ ትልቁ ያሸንፋል። ሲስኮ መጀመሪያ ዌይትን ያያል፣ ቀጥሎ ሎካል ፕረፈረንስን፣ ከዚያ መንገዱ ከራሱ ከራውተሩ የመነጨ መሆኑን፣ ከዚያ አጭሩን ኤኤስ ፓዝ፣ ከዚያ የኦሪጂን ኮዱን (መንገዱ ወደ ቢጂፒ እንዴት እንደገባ የሚያመለክተውን)፣ ከዚያ ትንሹን ሜድ፣ ከዚያ ከአይቢጂፒ ይልቅ ኢቢጂፒን፣ ከዚያ እስከ ኔክስት ሆፑ (ፓኬቱ የሚሰጠው ቀጣይ ራውተር አድራሻ) ያለውን የውስጥ ርቀት። ይህ ሁሉ እኩል ከሆነ ከውጭ ከመጡት መካከል ቀድሞ የተሰማው ይመረጣል። ይህች የመጨረሻዋ ነጥብ ቀላል መስላ ታሳስታለች። ምንም ፖሊሲ ያልተጻፈበት ራውተር ለወራት በአንደኛው መስመር ሲያወጣ ከርሞ፣ ያ መስመር ለአንድ ደቂቃ ቢቋረጥ፣ ሌላው «ቀዳሚ» ይሆንና ትራፊኩ በዚያው ይቀራል። ምርጫን ለአጋጣሚ መተው ማለት ይኸው ነው።

አሠራሩን በሲስኮ ላሳይ። የድርጅቱ ኤኤስ 64496፣ ዋናው አቅራቢ 64500 በ192.0.2.1፣ መጠባበቂያው 64501 በ198.51.100.1 ይሁኑ፤ ሁሉም ለማስተማሪያ የተለዩ ቁጥሮች ናቸው። «ሩት-ማፕ ፕራይመሪ-ኢን ፐርሚት 10» ተብሎ የመንገዶች ደንብ ይከፈታል፣ በሥሩ «ሴት ሎካል-ፕረፈረንስ 200» ይጻፋል። ከዚያ በቢጂፒ ሥር ጎረቤት 192.0.2.1 ላይ ሩት-ማፑ «ኢን» በሚል አቅጣጫ ይታሰራል። ለመጠባበቂያውም ሌላ ሩት-ማፕ አዘጋጅቶ 100ን በግልጽ መጻፍ ጥሩ ነው፤ ለምን እንደሆነ ወደታች ይታያል።

እዚህ ላይ ሦስት ስህተቶች ይደጋገማሉ። አንደኛው አቅጣጫ ነው፤ ሎካል ፕረፈረንስ ለኢቢጂፒ ጎረቤት ስለማይላክ በ«አውት» ቢታሰር ራውተሩ አይቃወምም፣ የሚሠራውም ነገር የለም። ሁለተኛው የበለጠ ያማል። ለተወሰኑ ፕሪፊክሶች ብቻ 200 ለመስጠት «ማች» (መስፈርት) ከተጨመረ ያልገጠመው መንገድ በሙሉ ይጣላል፤ ሩት-ማፕ መጨረሻው ላይ የማይታይ እምቢታ አለውና። ባዶ «ፐርሚት 20» ከሥር መጨመር ይገባል። ጁኒፐር ላይ ፖሊሲው ያልነካው መንገድ ወደ ቢጂፒ ዲፎልት ፖሊሲ ወርዶ ይገባል፤ ስለዚህ እጁ ጁኒፐር የለመደ ሰው ሲስኮ ፊት ሲቀመጥ በዚህች በተለይ ይወድቃል። ሦስተኛው ማደስን መርሳት ነው። የተለወጠው ፖሊሲ ቀድሞ በገቡት መንገዶች ላይ እንዲሠራ «ክሊር አይፒ ቢጂፒ 192.0.2.1 ሶፍት ኢን» ማለት ያስፈልጋል። «ሶፍት ኢን» የሚለው በሙሉ ከተረሳ ግን ሴሽኑ ራሱ ወድቆ ይነሳል፤ መንገዶቹም ሁሉ ተሰርዘው እንደገና ይገባሉ። ጁኒፐር ላይ ኮሚት ማድረግ (ለውጡን ማጽደቅ) ብቻ በቂ ነው።

ከዚያ በ«ሾው አይፒ ቢጂፒ» ውጤቱን ማየት ነው። ለ203.0.113.0/24 ሁለት መስመሮች ይታያሉ እንበል። በአንደኛው ፊት «*>» አለ፤ ኔክስት ሆፑ 192.0.2.1፣ ሎካል ፕረፈረንሱ 200፣ ዌይቱ 0፣ ፓዙ 64500 64505 64510። በሁለተኛው ፊት ያለው «*» ብቻ ነው፤ 198.51.100.1፣ ፓዙ 64501 64510። ኮከቡ መንገዱ ለውድድር ብቁ ነው ማለት ነው፣ ቀስቷ የተመረጠው ይህ ነው ማለት ነው። ሁለተኛው ፓዝ በአንድ ኤኤስ ያጠረ ሆኖ ሳለ ቀስቷን አላገኘም፤ 200 ሥራውን ሠርቷል። የሁለተኛውን የሎካል ፕረፈረንስ ዓምድ ስናይ ግን ባዶ ነው። ሲስኮ ከኢቢጂፒ ለመጣና ላልተነካ መንገድ ዓምዱን ባዶ ይተወዋል፤ ሲያወዳድር 100 ብሎ ያስበዋል። ባዶው 0 የሚመስላቸው አሉ፤ መጠባበቂያውን በ50 አሳንሰው ዋናውን ያለ ቁጥር የተዉም ይህን ባዶ አይተው ይደነግጣሉ። 100ን በግልጽ መጻፍ የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

ሁለት የጠርዝ ራውተሮች ሲኖሩ ነገሩ ይወሳሰባል። ዌይት እዚህ አይሆንም። በአንደኛው ራውተር ላይ የተጻፈ ዌይት ለሁለተኛው ስለማይደርስ ሁለተኛው የራሱን መንገድ መርጦ በመጠባበቂያው ያወጣል። ሎካል ፕረፈረንስ በአይቢጂፒ ስለሚሄድ ሁለቱም በአንድ ሐሳብ ይስማማሉ። ለመስማማት ግን ኔክስት ሆፑ መታወቅ አለበት። አይቢጂፒ የውጩን ኔክስት ሆፕ ሳይነካ ያስተላልፋል፤ ሁለተኛው ራውተር 192.0.2.1 ወዴት እንደሆነ ካላወቀ ባለ 200ው መንገድ ለውድድር አይበቃም። የአይቢጂፒ ጎረቤት ላይ «ኔክስት-ሆፕ-ሰልፍ» መጻፍ ይህን ይፈታል።

ከዚህ የባሰች ረቂቅ ነገር አለች። ቢጂፒ ለጎረቤቱ የሚነግረው የመረጠውን መንገድ ብቻ ነው። የመጠባበቂያው ራውተር ባለ 200ውን ከባልደረባው ሲሰማ የራሱን ባለ 100 መንገድ ከአይቢጂፒ ይሰበስበዋል። ስለዚህ ዋናው ራውተር ሌላ መውጫ መኖሩን እንኳ አያውቅም። መስመሩ ሲቆረጥ መንገዱን መሰረዝ፣ የመጠባበቂያው ራውተር እንደገና መምረጥና ማወጅ፣ ዋናውም መቀበል አለባቸው፤ ሙሉ ሰንጠረዥ ከሆነ ይህ ጊዜ ይወስዳል። «አድቨርታይዝ ቤስት-ኤክስተርናል» የሚባለው ቅንብር፣ ወይም አድ-ፓዝ፣ የመጠባበቂያው መንገድ አስቀድሞ እንዲታወቅ ያደርጋል።

አንድ ነገር በጨረፍታ ልጨምር፤ ሁለት አቅራቢ ያለው ሰው የሚያውጀውን በማጣሪያ ካልገደበ ከአንዱ የሰማውን ለሌላው ይነግራል፤ በአቅራቢዎቹ መካከል ማለፊያ ይሆንና መስመሩ ይጥለቀለቃል። ወደ ውጭ የሚወጣው ማጣሪያ የራስን ፕሪፊክስ ብቻ መፍቀድ አለበት። ይህ ሳይጻፍ የቅድሚያ ነገር ባይነሳ ይሻላል።

ጽሑፉ ዝም ያለበት የሚገባው ትራፊክ ነው። እስካሁን ያልኩት ሁሉ ወደ ውስጥ በሚመጣው ላይ አይሠራም። የተለመደው ዘዴ ለመጠባበቂያው አቅራቢ ሲታወጅ የራስን ኤኤስ ሁለት ሦስት ጊዜ ደጋግሞ ፓዙን ማስረዘም ነው። ይረዳል፤ ግን ሙሉ አይደለም። አቅራቢዎች ከደንበኛ የሰሙትን ከአቻ ኔትወርክ (ትራፊክ እኩል ለእኩል ከሚለዋወጡት) ከሰሙት፣ ያንን ደግሞ ከራሳቸው አቅራቢ ከሰሙት በሎካል ፕረፈረንስ ማስቀደም ልማዳቸው ነው፤ ደንበኛ ከፋይ ነውና። ሎካል ፕረፈረንስ ከፓዝ ርዝመት በፊት ስለሚታይ፣ 64501 ውስጥ ያለው ትራፊክ ፓዙ አሥር ጊዜ ቢረዝምም በመጠባበቂያው መስመር ይገባል። ከሦስት ወይም ከአራት በላይ መደጋገም ብዙ ጊዜ ምንም አይጨምርም።

ሲበዛ ደግሞ ጉዳት አለው። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 16 ቀን 2009 አንድ የቼክ አነስተኛ አቅራቢ ሚክሮቲክ ራውተር ላይ፣ ስንት ጊዜ ይደገም የሚለው ቦታ ላይ የራሱን የኤኤስ ቁጥር፣ 47868ን፣ ጻፈ። ቦታው 8 ቢት ብቻ ነበር፤ 47868 ለ256 ሲካፈል የሚተርፈው 252 ነው። እናም ኤኤሱ 252 ጊዜ የተደገመበት ፓዝ ወደ ዓለም ወጣ። አንዳንድ የቆዩ ሲስኮ ራውተሮች ያን ያህል የረዘመ ፓዝ ሲደርሳቸው ሴሽናቸውን እየጣሉ እንደገና ይጀምሩ ነበርና መናወጡ በብዙ አገሮች ተሰማ። ሲስኮ ላይ የሚጻፈው ኤኤሱ ራሱ ነው፣ ስንት ጊዜ መሆኑ ሳይሆን፤ ከአንዱ ልማድ ወደ ሌላው መሻገር ያመጣው ጣጣ ነው። የሚገቡ መንገዶችን በፓዝ ርዝመት የሚገድብ ማጣሪያ መኖሩ አይከፋም።

ሜድ ጥቅሙ ጠባብ ነው። በመሠረቱ የሚወዳደረው ከአንድ ጎረቤት ኤኤስ በመጡ መንገዶች መካከል ብቻ ስለሆነ፣ ከአንዱ አቅራቢ ጋር ሁለት መስመር ላለው ሰው እንጂ ሁለት አቅራቢ ላለው አይሆንም። ያልተጻፈ ሜድ እንደ 0፣ ማለትም እንደ ምርጥ፣ መቆጠሩንም አለመርሳት ነው።

ከሁሉ የሚሻለው ኮሚዩኒቲ ነው። ብዙ አቅራቢዎች «ይህ ኮሚዩኒቲ ካለበት ለዚህ መንገድ የምሰጠውን ሎካል ፕረፈረንስ አወርዳለሁ» የሚል ዝርዝር አላቸው፤ አሠራሩ እ.ኤ.አ. በ1996 በአርኤፍሲ 1998 (የኢንተርኔት ቴክኒክ ሰነድ፤ 1998 ተራ ቁጥሩ ነው) ተጽፏል። ቁጥሮቹ ከአቅራቢ አቅራቢ ስለሚለያዩ ከራሱ ከአቅራቢው መጠየቅ ያስፈልጋል። ሲስኮ ላይ ኮሚዩኒቲው እንዲላክ በጎረቤቱ ሥር «ሴንድ-ኮሚዩኒቲ» መጻፍ ግድ ነው። ካልተጻፈ ሩት-ማፑ ኮሚዩኒቲውን ይለጥፋል፣ በር ላይ ግን ይቀራል። ጁኒፐር ሳይጠየቅ ይልካል።

ረዘም ያለ ፕሪፊክስ በዋናው በኩል ማወጅም አለ፤ /22ውን በሁለቱም፣ ሁለቱን /23 በዋናው ብቻ። ረጅሙ ፕሪፊክስ ሁልጊዜ ስለሚያሸንፍ እንደ መዶሻ ይሠራል። ሁለት ጥንቃቄ ይፈልጋል። በአይፒ ቨርዥን 4 ከ/24፣ በቨርዥን 6 ከ/48 የረዘመውን አብዛኛው ኔትወርክ ይጥለዋል። ለ/22 የተመዘገበው የአርፒኬአይ ማረጋገጫ (ፕሪፊክሱን ማን ማወጅ እንደሚችል የሚመሰክር መዝገብ) ከፍተኛ ርዝመቱ 22 ላይ ከቆመ ደግሞ /23ዎቹ ሕገወጥ ተብለው ይወድቃሉ።

ኮሚዩኒቲን አሞግሼ ጉድለቱን ካልተናገርኩ ደግሞ እበድላለሁ። መጠባበቂያው አቅራቢ ራሱ የሌላ ትልቅ ኔትወርክ ደንበኛ ይሁን፤ ያ ትልቅ ኔትወርክ ከዋናው አቅራቢ ጋር አቻ ይሁን። በደህናው ጊዜ ትልቁ ኔትወርክ በዋናው በኩል ይሄዳል፤ መጠባበቂያውም የደንበኛውን መንገድ ስላወረደው በትልቁ በኩል ይዞራል። ዋናው መስመር ሲቆረጥ መጠባበቂያው ቀጥታውን መንገድ ለትልቁ ያውጃል። ዋናው ሲመለስ ግን ትልቁ ኔትወርክ ከአቻው የሰማውን ትቶ ከደንበኛው የሰማውን ይዞ ይቀጥላል፤ መጠባበቂያውም የተሻለ ነገር ስለማይሰማ እዚያው ይቆያል። ሁለቱም ሁኔታዎች የተረጋጉ ናቸው፤ በራሱ የሚመለስ ነገር የለም። አርኤፍሲ 4264 ይህን እ.ኤ.አ. በ2005 ገልጾታል። መውጫው የመጠባበቂያውን ሴሽን ለጥቂት ደቂቃ ዘግቶ መክፈት ነው። ሥራ በማይበዛበት ሰዓት፣ ዋናው መመለሱ ከተረጋገጠ በኋላ።

ፍተሻውም ስለዚህ ሁለት አጋማሽ አለው። ገመድ መንቀል ብቻውን አይበቃም፤ አገናኙ ሳይወድቅ ከወዲያ ማዶ ያለው ሲሞትም መሞከር አለበት። ሲስኮና ሁዋዌ ላይ የሆልድ ታይሙ (ከጎረቤት ምንም ሳይሰማ የሚጠበቅበት ጊዜ) መነሻ ዋጋ 180 ሰከንድ ነው፤ በመካከሉ ስዊች ወይም ሌላ መሣሪያ ካለ ራውተሩ ጎረቤቱ መሞቱን የሚያውቀው ከሦስት ደቂቃ በኋላ ነው። ቢኤፍዲ (የጎረቤትን መሞት በፍጥነት የሚያውቅ ፕሮቶኮል) በ300 ሚሊሰከንድ ልዩነት በሦስት ጊዜ ቢቀናበር ይህ ከአንድ ሰከንድ በታች ይወርዳል። ከዚያ ዋናውን መልሶ፣ የሚወጣውም የሚገባውም ተመልሶ እንደሆነ ለየብቻ ማየት ነው። አንዱ በዋናው ወጥቶ ሌላው በመጠባበቂያው የሚገባ ከሆነ፣ በየመስመሩ የተለያየ ፋየርዎል ያለበት ድርጅት መልሱን ይጥለዋል፤ ጥብቅ የምንጭ አድራሻ ፍተሻ የበራበት ራውተርም እንዲሁ። ተጠቃሚው የሚያየው ግን «አንዳንድ ገጽ ይከፍታል፣ አንዳንዱ አይከፍትም» የሚል ነገር ብቻ ነው።

ጽሑፉ በድረ ገጻችሁ ላይ ስላለ፣ ያ ዐረፍተ ነገር እንዲህ ተብሎ ቢታረም እጠይቃለሁ፦ «ከሁለቱም አቅራቢዎች ተመሳሳይ ፕሪፊክሶች የሚወሰዱ ከሆነ፣ የሚወጣው ትራፊክ በዋናው መስመር እንዲሄድ ከዋናው ጎረቤት ለሚገቡ መንገዶች ሎካል ፕረፈረንስን 200፣ ከመጠባበቂያው ለሚገቡት 100 ማድረግ፤ ለሚገባው ትራፊክ ደግሞ መጠባበቂያው አቅራቢ የሚቀበለውን ኮሚዩኒቲ መላክ።» ከሥሩም ጁኒፐርና ሁዋዌ ላይ «ፕረፈረንስ» የሚለው ትእዛዝ ሎካል ፕረፈረንስ አለመሆኑ በአንድ መስመር ቢጻፍ መልካም ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ፣ የኔትወርክ መሐንዲስ